የኑዛዜ ዋዜማ

ስለ ምሥጢረ ንስሐ የሚናገሩ ሰዎች ዘወትር የሚያስቡት ካህኑ የሚቀመጥበትን ወንበር፣ ተነሳሒው የሚንበረከክበትን መሬትና በመጨረሻ የሚሰጠውን ፍትሐት ሲሆን፣ እኔ ግን በቸሃ ምድር ከእምድብር ብዙም በማይርቅ መንደር ተወልጄ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደግሁ እንደ መሆኔ፣ ዕድሜዬ እየገፋ በሄደ ቁጥር በልቡናዬ ጎልቶ የሚታየኝ ከኑዛዜው ይልቅ የኑዛዜው ዋዜማ ነው። ይህም ዋዜማ የአንዲት ሌሊት አልነበረም። ለትንሣኤ በዓል ሥጋ ወደሙን ለመቀበል የሚሻ ሰው ከደብረ ዘይት ሳምንት አንሥቶ አነጋገሩም አረማመዱም ይለወጥ ነበር፤ በገበያ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይከራከር የነበረው ነጋዴ ዝግ ይላል፤ በእንሰት ድንበር ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈው ገበሬ፣ በሁለት ረድፍ በተሠሩት ቤቶች መካከል በተዘረጋው ሰፊ ሣር በጀፎሮው ላይ ከባላጋራው ጋር ሲገናኝ ፊቱን ማዞር ይተዋል፤ ሴቶችም ከምንጭ ሲመለሱ የሌላውን ስም ማንሣት ያቆማሉ፤ ወይም ለማቆም ሲታገሉ ይታያሉ።

የካቶሊክ እምነት ወደ ጉራጌ የገባበትን ታሪክ በሙሉ መተረክ የዚህ ጽሑፍ ተግባር አይደለም፤ ነገር ግን ያንን ዋዜማ ማን እንዳስተማረን ካልተናገርሁ ነገሩ ሥር ያጣል። በ1846 እ.ኤ.አ. ለደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝብ ሐዋርያዊ እንደራሴ ሆነው የተሾሙት፣ በአገራችን አቡነ ማስያስ በመባል የታወቁት ኢጣሊያዊ ጳጳስ የካፑቺን ማኅበር መነኵሴ ነበሩ፤ ከእርሳቸው በኋላ በሐረር ተቀምጠው ለብዙ ዘመን የሠሩትና ልጅ ተፈሪ መኰንንን ያስተማሩት ፈረንሳዊው አቡነ እንድርያስ ዣሩሶም የዚሁ ማኅበር ልጅ ናቸው። ቡናማ ቀሚስ ለብሰው፣ ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው፣ ጢማቸውን አሳድገው የሚታዩት እነዚህ መነኰሳትና ከእነርሱ ጋር ያገለገሉ የአገር ተወላጅ ካህናት በጉራጌ ምድር ቤተ ጸሎትና ትምህርት ቤት ጎን ለጎን አቁመዋል። የጸሎቱ ሥርዓት ግን የግዕዙ ሥርዓት ነው። ለዚህም ነገር በሰሜን በኩል የአገሬውን ቋንቋና ባህል አክብረው ያስተማሩት ቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስና፣ በእርሳቸው ዘንድ ክህነትን ተቀብለው በ1855 እ.ኤ.አ. በእስራት እንዳሉ ያረፉት ጎጃሜው ሊቅ ብፁዕ ገብረ ሚካኤል የሚታወሱ ናቸው። እምድብር ራሷን የቻለች ሀገረ ስብከት የሆነችው ግን በቅርቡ፣ በኅዳር 1996 ዓ.ም. ሲሆን፣ የመጀመሪያው ጳጳሷም ካፑቺኑ አቡነ ሙሴ ገብረ ጊዮርጊስ ናቸው። በእኔ ልጅነት ይህ ሁሉ አልነበረም፤ የነበረው ጭቃ መንገድ፣ በበቅሎ ወይም በእግር ከመንደር ወደ መንደር የሚዞር ካህንና፣ ካህኑ እስኪመጣ ድረስ እኛን የሚያዘጋጅ መምህረ ሃይማኖት ነበር።

ያ መምህራችን ትምህርቱን የሚጀምረው እጁን ዘርግቶ ነው። ለመልካም ኑዛዜ የሚያስፈልጉት ነገሮች አምስት ናቸው ይለንና፣ ከአውራ ጣቱ ጀምሮ ሕሊናን መመርመር፣ መጸጸት፣ ዳግመኛ ላለመበደል ቁርጥ ፈቃድ ማድረግ፣ ለካህን መናዘዝ፣ የተሰጠውን ቀኖና መፈጸም እያለ እስከ ትንሿ ጣት ይወርዳል። እኛም የየራሳችንን ጣት ይዘን እንከተለዋለን። ይህ የአምስት ጣት ትምህርት በእርሱ የተፈጠረ ይመስለኝ ነበርና፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ መጻሕፍት እየፈለግሁ ሳነብ አምስቱም በአውሮፓ የክርስትና ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ በተራቸው ተዘርዝረው ሳገኛቸው ተደነቅሁ። በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ መናዘዝ ግዴታ እንዲሆን የደነገገው በ1215 እ.ኤ.አ. በሮም በላተራን የተሰበሰበው ጉባኤ ነው፤ ጸጸት ምን ዓይነት መሆን እንደሚገባው፣ ፍጹሙ ጸጸት ከፍቅረ እግዚአብሔር የሚመነጨው መሆኑንና ኃጢአትን ከማፈርና ከገሃነም ፍርሃት የተነሣ የሚጠላው ያልተፈጸመው ጸጸትም ለምሥጢሩ መንገድ ጠራጊ መሆኑን አብራርቶ የጻፈው ደግሞ በ1551 እ.ኤ.አ. የትሬንት ጉባኤ ነው። ያ ሁሉ የጳጳሳትና የሊቃውንት ክርክር፣ ባሕር ተሻግሮና ተራራ ወጥቶ፣ በእንሰት ጥላ ሥር በአንድ ገበሬ መምህር አምስት ጣቶች ላይ ተጠቅልሎ ይገኝ ነበር።

ልጆች በጨቅላነት እንዲናዘዙና እንዲቆርቡ በር የከፈቱት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥረኛ ናቸው፤ በ1910 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሥርዓት ክፉና ደጉን ለይቶ ማወቅ የጀመረ ሕፃን፣ ማለት በሰባት ዓመት ገደማ ያለ ልጅ፣ ወደ ምሥጢሩ እንዲቀርብ አዘዋል። የሰባት ዓመት ልጅ ሕሊናውን ሲመረምር ምን ያገኛል ብሎ የሚስቅ ሰው አላጣም። እኔ ግን አልስቅም፤ ምክንያቱም መምህራችን ዐሥርቱን ትእዛዛት የሚጠይቀን በእኛው ዓለም ልክ ነበር። የሰው ከብት ወደ ማሳ ሲገባ አይተህ እንዳላየህ አልፈሃልን? ለትንሿ እኅትህ የተሰጠውን ቆጮ ቀምተህ በልተሃልን? አባትህ ሲጠራህ ሰምተህ ዝም ብለሃልን? በቅዳሴ ጊዜ ዓይንህ ወደ ውጭ ተመልክቷልን? እያንዳንዱን ጥያቄ ካቀረበ በኋላ ጥቂት ዝም ይላል። መልስ እንዲነገረው አይሻም ነበር፤ እንዲያውም ከመካከላችን አንዱ ደፍሮ እጁን ቢያወጣ በቍጣ ያስቀምጠዋል። ኃጢአታችንን በወረቀት ጽፈን እንድንሄድም አልፈቀደልንም፤ ወረቀት እግር አለው ይለን ነበር።

በዚህ አጋጣሚ፣ ስለ ምሥጢሩ መጠበቅ የነበረንን እርግጠኝነት ላውሳ። ካህኑ የሰማውን በማንኛውም ምክንያት፣ ለሕይወቱ ቢያስፈራው እንኳ፣ እንደማይገልጥ ሕፃናቱ ሁሉ እናውቅ ነበር። መምህራችን የቦሔሚያውን ካህን የቅዱስ ዮሐንስ ኔፖሙክን ታሪክ፣ የንግሥቲቱን ኑዛዜ ለንጉሡ አልገልጥም በማለቱ በ1393 እ.ኤ.አ. ከፕራግ ድልድይ ወደ ወንዝ ተጣለ የሚለውን ትውፊት ሲተርክልን ንጉሡን የሚያስመስለው በመንደራችን የምንፈራውን አንድ ባለርስት ነበር፤ ስሙን ግን አይጠራም፤ እኛም ማን እንደ ሆነ እናውቃለን።

አምስቱ ጣቶች በልጆች ዘንድ እንዲህ ከተቈጠሩ፣ በአዋቂዎች ዘንድ ግን አንዲት ስድስተኛ ነገር ነበረች፤ በመጽሐፍ በአምስተኛይቱ ውስጥ ትካተታለች፣ በእኛ አገር ግን ከሁሉም ትቀድማለች። እርስዋም የበደሉትን መካስና የተጣሉትን መታረቅ ናት። ለጉራጌ ሕዝብ ይህ ከውጭ የመጣ ትምህርት አልነበረም። የሰባት ቤት ጉራጌ ሽማግሎች በጆካ ተሰብስበው በቂጫው ሕግ ሲዳኙ፣ በዳይ በደሉን በአደባባይ ሳያምን፣ ካሳውም ሳይቈረጥና ሳይከፈል ነገሩ አለቀ አይባልም፤ የሶዶ ክስታኔ ሕዝብም በጎርደና ሴራው የሚኖረው በዚሁ መንፈስ ነው። ስለዚህ ካህኑ በስብከቱ የቀራጩን የዘኬዎስን ታሪክ አንሥቶ፣ ሰውየው ጌታን በቤቱ ከተቀበለ በኋላ የቀማውን አራት እጥፍ ሊመልስ ቃል እንደ ገባ ሲያስረዳ፣ ሽማግሎቹ ነገሩ በጣም የሚያውቁት ነውና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ እንዲያውም ከስብከት በኋላ አራት እጥፉ በዛ ወይስ ተመጣጠነ በሚለው ላይ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ።

አባቴ በወልቂጤ አነስተኛ ሱቅ ነበረው። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ በመሆኗ፣ ከላይ የሚወርደው ጨው፣ አቡጀዲና ላምባ፣ ከገጠር የሚወጣው ቅቤ፣ በርበሬና ቡና በእርሷ በኩል ያልፋል። አባቴ ጸሎተኛ ሰው አይባልም ነበር፤ መቍጠሪያ ይዞ አላየሁትም፤ የዐቢይ ጾም ዓርብ ዓርብ በሚደረገው ፍኖተ መስቀል ላይም የሚቆመው በበሩ አጠገብ ነው። ነገር ግን ከሆሣዕና በፊት ባለው ሳምንት አንድ ማታ ሱቁን ቀደም ብሎ ዘግቶ፣ ኩራዙን አጠገቡ አስጠግቶ የዱቤ መዝገቡን ይገልጣል። እኔ ንባብ ከቻልሁበት ጊዜ ጀምሮ ስሞቹን የማነብለት እኔ ነበርሁ። አንዳንዱ ስም ላይ ሲደርስ አስቁሞኝ ያስባል፤ በችግሩ ጊዜ ዋጋ የጨመረበት ገበሬ ነበርና ትርፉን አስወጥቶ ዋናውን ብቻ ያስጽፈኛል። በሌላው ላይ ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት፣ ይህ ሰው አታሎኛል፣ እንዳለ ይቈይ ይላል። መዝገቡ ካለቀ በኋላ ሚዛኑን አውርዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ በመዳፉ ይመዝናል፤ የእጁን ግምት ያመነ አይመስለኝም፤ ነገር ግን ሳያደርገው ቀርቶ አያውቅም። ማግሥቱን ወደ ካህኑ ሲሄድ ፊቱ ላይ ምንም የተለየ ነገር አይታይበትም። ሲመለስም እንዲሁ። ስለ ነፍሱ ምን እንደ ተናገረ እኔ አላውቅም፤ የማውቀው የገበሬዎቹን ዕዳ ነው።

ከአባቴ ይልቅ አያቴ በዚህ ነገር የበረታች ነበረች፤ የበረታችበትም ምክንያት ቍጡ ስለ ነበረች ይመስለኛል። ሴቶች በደቦ ተሰብስበው እንሰት ሲፍቁ፣ ከሁሉ የሚመረጠው ነጭ ቡላ ለየባለቤቱ ሲከፈል፣ አንዱ ድርሻ ጐደለና አያቴ ከዕድሜ እኩያዋ ከጎረቤታችን ሴትዮ ራስ አልወርድ አለች። ከዚያ ወዲህ ሁለት መስቀል አለፈ፤ ሁለቱ ሴቶች በአንድ ጀፎሮ ግራና ቀኝ እየኖሩ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየቈረቡ አይነጋገሩም ነበር። እንዴት ይቈርባሉ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ እኔም ያንኑ እጠይቅ ነበርና መልሱ የለኝም። በሦስተኛው ዓመት በሆሣዕና ዋዜማ ካህኑ ወደ መንደራችን መጥቶ ከቤተ ጸሎቱ በስተ ግራ ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ፤ ሰዎቹም በግድግዳው ጥግ ተራ ይዘው ቆሙ። አያቴ ከፊቷ ሦስት ወይም አራት ሰዎች ሲቀሩ ነጠላዋን አስተካክላ ከተራው ወጣች። እኔን በእጄ ይዛ ወደ ቤት ተመለሰችና፣ ከጓዳ ያስቀመጠችውን ቡላ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ፣ ወደ ጎረቤታችን ደጃፍ አመራች። በሩ ላይ ስትደርስ ያለችው፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺልኝ የሚል ብቻ ነው። ሴትዮዋ ከፈተች። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም፣ ወደ ውጭ ወጥቼ እንድጫወት ታዝዤ ነበርና፤ ነገር ግን ቡና ተቈላ፤ ቡናው እስከ ሦስተኛው ሲደርስ መሸ፤ ካህኑም ተራውን ጨርሶ ወደሚቀጥለው መንደር ሄደ። ስለዚህ አያቴ በዚያ ቀን ሳትናዘዝ ቀረች። በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ከጎረቤቷ ጋር ሆነው እስከ እምድብር በእግራቸው ሄዱና ሁለቱም ተናዝዘው ተመለሱ፤ አያቴ እግርዋ አብጦ ስትታጠብ፣ ካህኑ ዘንድ ስደርስ የቀረኝ ነገር ትንሽ ነበር ስትል ሰማኋት። መምህራን ይህን አነጋገሯን ቢሰሙት ያርሙት ነበር፤ ሥርየተ ኃጢአት በካህኑ አፍ የሚነገር የእግዚአብሔር ስጦታ ነው እንጂ በእግራችን ድካም የሚገዛ አይደለምና። እርስዋም ይህን አልካደችም። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ በኑዛዜ ላይ ያነበብሁት ሁሉ፣ ከእነቅዱስ አውግስጢኖስ ጀምሮ፣ ከአያቴ አነጋገር ጋር ሳላስተያየው ያለፍሁት የለም።

የቤተ ክርስቲያን ሕግ ትንሣኤን ቢጠቅስም የጉራጌ ዓመት የሚዞረው ግን በመስቀል ላይ ነው። በአዲስ አበባ በመርካቶ በንግድ፣ በሸክም፣ በሊስትሮ የሚኖረው ልጅ ሁሉ በመስከረም መጀመሪያ ወደ አገሩ ሲጐርፍ፣ ወልቂጤ በመኪናና በሰው ትጨናነቃለች፤ ከዚያም ወደየወረዳው ይበተናል። በ1950ዎቹ የተቋቋመው የጉራጌ ሕዝብ የመንገድ ሥራ ድርጅት፣ ከነጋዴውና ከገበሬው በተሰበሰበ ገንዘብ መንገድ ማስጠረግ ከመጀመሩ በፊት፣ ያን የመጨረሻ ጉዞ የሚጨርሱት በእግር ነበር። የመጣውም ሰው ለእናቱ ልብስ፣ ለአባቱ በሬ ከመግዛቱ ሌላ የሚጠብቀው ነገር አለ፤ እርሱም በዓመቱ ውስጥ የተጣሉት ሁሉ እሳቱ ሳይነድ እንዲታረቁ የሚያደርገው የሽማግሎች ሸንጎ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ካቶሊኮች በዓመት አንድ ጊዜ የሚናዘዙት በዚህ ሰሞን ሲሆን፣ ካህናቱም ነገሩን በጥበብ ተቀብለው ከበዓሉ በፊት ለረጅም ሰዓት ይቀመጡላቸው ነበር። አንድ ከመርካቶ የመጣ የአጎቴ ልጅ፣ በአዲስ አበባ ቤተ ክርስቲያን በደጁ ሳለ ለምን እዚህ እንደሚናዘዝ ስጠይቀው፣ የበደልኋቸው ሰዎች እዚህ ናቸው ብሎ መለሰልኝ። አዲስ አበባ ያሉትስ? አልሁት። ተቈጣ።

ስለዚያ ዘመን ሁሉንም በማር ለውሼ ማቅረብ አልፈልግም። ከሰባኪዎቹ መካከል ስለ ገሃነም እሳት ብቻ የሚናገሩ፣ አንዲት ኃጢአት ረስተህ ብትናዘዝ ኑዛዜህ ሁሉ ከንቱ ነው እያሉ የሚያስፈራሩ ነበሩ፤ ይህም አነጋገር ከትምህርቱ ጋር የማይስማማ ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ኑዛዜን የሚያፈርሰው አውቆ መደበቅ እንጂ መርሳት አይደለምና። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ የዋህ ነፍሳት፣ በተለይም ሴቶች፣ ዕረፍት የማያገኝ የሕሊና ጥርጣሬ ያዛቸው፤ ተናዝዘው ከመውጣታቸው የረሱትን አስበው እንደ ገና ይመለሳሉ፤ ሌሊትም እንቅልፍ ያጣሉ። ለእነዚህ መድኃኒቱ ተጨማሪ ምርመራ ሳይሆን ታጋሽ አበ ነፍስ ነበር። የካፑቺኖችን ማኅበር በዚህ ረገድ ሳስብ ሁለት ቅዱሳን ይመጡብኛል። በደቡብ ኢጣሊያ የነበሩት አባ ፒዮ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ቅድስናቸው የታወጀላቸው፣ ሳይዘጋጅ የመጣውን ተነሳሒ በቍጣ ይመልሱ እንደ ነበር ይተረክላቸዋል። በፓዶቫ በጠባብ ክፍል ተቀምጠው ለሠላሳ ዓመት ያህል የሰውን ኑዛዜ የሰሙት፣ በ1942 እ.ኤ.አ. ያረፉት አጭሩ ቅዱስ ሌኦፖልድ ማንዲች ግን፣ ምሕረትህ በዛ ተብለው በወንድሞቻቸው ይወቀሱ ነበር፤ እርሳቸውም ይህን የሚያህል መጥፎ ምሳሌ የሰጠን የተሰቀለው ጌታ ነው ብለው ይመልሱ ነበር ይባላል። ገዳማቸው በጦርነቱ በቦምብ ሲፈርስ ያቺ የኑዛዜ ክፍላቸው ሳትነካ ቀርታለች። በቸሃ መንደሮች በበቅሎ ይዞሩ ከነበሩት ካህናት አንዳንዶቹ የአባ ፒዮ፣ አንዳንዶቹ የአባ ሌኦፖልድ ወገን ነበሩ። ምእመናኑም ይህን ያውቁ ነበርና፣ ሁለት ካህናት በአንድ ቀን ሲመጡ የአንዱ ተራ ረጅም፣ የሌላው አጭር ይሆናል።

ካደግሁ በኋላ መምህር ሆኜ ቡታጅራ ተመደብሁ። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቅ፣ በመስቃን ምድር የምትገኝ፣ እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ ገበያ የሚውልባት ከተማ ናት፤ ከእርሷም በስተ ደቡብ ስሟ ጕልማሶችን የሚያስፈራራ፣ ውኃዋ ከገደል ሥር የሚያንጸባርቅ ሐረ ሸይጣን የምትባል ሐይቅ አለች። በዚያ ጊዜ በአቅራቢያዬ የእኔ ቤተ ክርስቲያን ካህን አልነበረምና፣ ለኑዛዜ የምሄደው በዕረፍት ጊዜ ወደ አገሬ ስመለስ ብቻ ነበር። የተጠቀምሁት ነገር ቢኖር ከሌሎች ዝግጅት ነው። ያከራዩኝ ባልቴት ኦርቶዶክሳዊት ሲሆኑ፣ የነፍስ አባታቸው በየጊዜው ቤታቸው ድረስ እየመጡ ጠበል ይረጩላቸው ነበር። የነፍስ አባት ማለት እንዲህ ነው፤ የቤቱን ሰው ሁሉ የሚያውቅ፣ ሲታመም የሚጠይቅ፣ ሲሞት የሚፈታ፤ ለእኛ ግን ካህኑ በተራ የሚደርሰን እንግዳ ነበር። በስቅለትም ቀን ባልቴቷ በስግደት ደክመው፣ ኑዛዜ ሰጥተው፣ በወይራ ቅጠል ትከሻቸውን ተጠብጥበው ሲመለሱ በፊታቸው ላይ የሚታየውን ብርታት አደንቅ ነበር። በሌላ በኩል፣ ከአጥሩ ማዶ በርበሬ የሚነግዱ ሙስሊም ጎረቤቴ የረመዳን ወር ሊገባ ሲል በሠፈሩ ሁሉ እየዞሩ፣ አውፍ በሉኝ ይሉ ነበር። እኔም ዘንድ መጡ። ምንም አልበደሉኝምና አፍሬ፣ እኔ ነኝ እንጂ አልኋቸው። እርሳቸውም፣ አላወቅኸው ይሆናል፣ አውፍ በለኝ አሉኝና ቆመው ጠበቁኝ። አልሁላቸው።

ከዚያ ወዲህ ሕሊናዬን ስመረምር ከትእዛዛቱ ዝርዝር በፊት የሰዎቹን ዝርዝር ማስቀደም ጀመርሁ። ብቻውን በክፍሉ የሚቀመጥ ሰው ስለ ራሱ ብዙ ያውቃል፤ ስላስቀየመው ሰው ግን ጥቂት ነው የሚያውቀው። ሐዋርያው ጴጥሮስ በዶሮ ጩኸት ከመጸጸቱ በፊት ጌታ ዘወር ብሎ እንደ ተመለከተው ወንጌላዊው ሉቃስ ይመሰክራል፤ ንጉሡ ዳዊትም በደሉን ያወቀው ነቢዩ ናታን በፊቱ ቆሞ የባለ አንዲት በጉን ድኻ ታሪክ ከነገረው በኋላ ነው፤ መዝሙር 50ም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱም የራሳቸውን ልብ ያነበቡት በሌላ ሰው ፊት ነው። በቅዳሴያችን ውስጥ ፍትሐት ዘወልድ ሲደገም፣ ካህኑ የሕዝቡን ብቻ ሳይሆን የራሱንም ፍትሐት የሚለምን መሆኑን ልብ ያልሁትም በዚያው በቡታጅራ ዘመን፣ ከእነዚያ ጎረቤቶቼ በኋላ ነበር።

በ1973 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ውሳኔ የተነሣ አዲሱ የንስሐ ሥርዓት ወጣ። ቅዱስ ካርሎስ ቦሮሜዎ በሚላኖ በዐሥራ ስድስተኛው መቶ ዓመት ያስፋፋው መጋረጃና ወንፊት ያለው የኑዛዜ ሣጥን እንደ ቀድሞው የግድ መሆኑ ቀርቶ፣ ተነሳሒው ከካህኑ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ እንዲነጋገር፣ ምእመናንም በአንድነት ተሰብስበው ቃለ እግዚአብሔርን ሰምተውና ሕሊናቸውን በጋራ መርምረው ከዚያ በኋላ በየግል እንዲናዘዙ ተፈቀደ። እኛ ዘንድ ሣጥኑ ቀድሞም ብዙ አልነበረምና ለውጡ አላናወጠንም። የጋራው ምርመራ ግን መልካም ነገር ሆኖ አገኘሁት፤ የአንድ ሰፈር ሰው በአንድ ላይ ተቀምጦ ስለ ሐሰት ምስክርነት ወይም ስለ ድንበር መግፋት ሲጠየቅ፣ ዓይኑን ወደ መሬት የሚተክለው ማን እንደ ሆነ ሁሉም ያያል። ይህን የጻፉት ሊቃውንት ያሰቡት አይመስለኝም።

ዛሬ በወልቂጤ ተቀምጬ የማየው ሌላ ነው። ከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ከተከፈተላት ወዲህ ከየክፍለ ሀገሩ የመጡ ወጣቶች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለኑዛዜ ተራ ይይዛሉ፤ በስልካቸው ውስጥ የሕሊና ምርመራ ጥያቄዎች በዝርዝር ተጽፈው አሉ፤ ጣታቸውን በመስተዋቱ ላይ እያንሸራተቱ ያነባሉ። ወረቀት እግር አለው ይል የነበረው መምህራችን ይህን ቢያይ ስለ ስልክ ምን ይል እንደ ነበር አላውቅም። ጥያቄዎቹ ራሳቸው መጥፎ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ እኛ ከተጠየቅናቸው የበለጡ ናቸው፤ ስለ ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨትና ሰውን በነገዱ ስለ መናቅ ይጠይቃሉ። የማይጥመኝ ነገር ፍጥነታቸው ነው፤ ተራ ይዘው ሳሉ የሚጀመረው ምርመራ ተራው ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚህ መካከል ወደ ጎረቤት ቤት ሄዶ የሚመለስበት ጊዜ የለም።

ባለፈው ዐቢይ ጾም በኒቆዲሞስ ሳምንት አንድ ከእነዚህ ወጣቶች፣ ሽማግሌ መሆኔን አይቶ፣ ከቅዳሴ በኋላ ተጠጋኝና፣ "አባባ፣ ለኑዛዜ እንዴት ነው የሚዘጋጁት?" አለኝ። አምስቱን ጣቶች ልቈጥርለት እጄን አንሥቼ ነበር። እንደ ገና አውርጄ፣ "ከማን ጋር ተጣልተሃል?" አልሁት። ዝም ብሎ ቆየና፣ ከወንድሙ ጋር፣ በቡታጅራ አባታቸው በተወላቸው ሱቅ ምክንያት መጣላታቸውን፣ ስልክ ሲደውልለትም እንደማያነሣ ነገረኝ።

"ስልኩን ተወው፤ ሂድ።"

"ብሄድስ ባያናግረኝ?"

"ለብቻህ ከሄድህ ላያናግርህ ይችላል፤ ሽማግሌ ይዘህ ሂድ።"

"እዚያ የማውቀው ሽማግሌ የለኝም፣ አባባ።"

ቡታጅራን ካየሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ጕልበቴም እንደ ድሮው አይደለም። መኪናው በስንት ሰዓት እንደሚነሣ ጠየቅሁት፤ በማለዳ ነው አለኝ። ለሰኞ ተቀጣጠርን፤ ለወንድሙ ይዞት የሚሄደውን ነገር ግን እርሱ እንዲያስብበት ተውሁለት።